ሶላሩን ሶኬት ላይ ልሰካው?

ጥያቄው ከደሴ ነው የመጣው። ጠያቂዋ መምህርት ናት። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። መልእክቷን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ፍራንክፈርት የሚኖር ወንድሜ በረንዳው ላይ ሁለት ሶላር ሰቅሎ ስፒናውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቶታል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። የመብራት ሒሳቡ ቀነሰለት። አሁን ‹ለእናንተም ልላክላችሁ፣ ከመብራት መጥፋት ትገላገላላችሁ› ይለኛል። ስፒናው የእኛ ሶኬት ላይ ልክ ይገባል። እዚህ ያማከርኩት ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ‹ባትሪና ኢንቨርተር ግዢ፤ በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ሠርቼልሽ ሶኬት ላይ እንሰካዋለን፤ ቤቱ ሁሉ ይበራል› አለኝ። የትኛው ይሻላል? ሕጉስ ይፈቅዳል? እናቴ ለሱብሂ ስትነሳ በጨለማ እየተደናቀፈች ተቸግሬያለሁ። ወላሂ መላ ቢሉኝ።»

አብሽሪ እህቴ። መላ አለው። ነገር ግን መላው ከሁለቱም የተለየ ነው። የወንድምሽ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው። ዕቃውም በአገሩ ጥሩ ዕቃ ነው። የተሠራው ግን መብራት ለማይጠፋበት አገር ነው። አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ነገር ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ያለሽ ግን ሰው ይገድላል። ቀሪውን ባታነቢው እንኳ ይህን ብቻ ያዢልኝ፤ ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ቤትሽ አይግባ። ለአንድ ምሽትም ቢሆን።

ከወንድምሽ ልጀምር።

ፓኔሉ ከፀሐይ የሚያወጣው ዲሲ ነው፣ እንደ ባትሪ ማለት ነው። ከጀርባው ያለችው ትንሽ ኢንቨርተር ወደ ኤሲ፣ ማለትም የቤት መብራት ዓይነት፣ ትቀይረዋለች። ስፒናው ግድግዳው ላይ ሲሰካ ያ ኃይል ወደ ቤቱ ሽቦ ይገባል። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የበራው አምፖል መጀመሪያ ከሶላሩ ይወስዳሉ፤ የጎደለውን ከውጭ ከሚመጣው የመብራት መስመር ይሞላሉ። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎደለውን ብቻ ነው። የወንድምሽ ሒሳብ የቀነሰው በዚህ ነው።

ትንሿ ኢንቨርተር ግን ብቻዋን አትሠራም። የመስመሩን ቮልቴጅና ድግግሞሽ ሁልጊዜ ታዳምጣለች፤ እሱን እየተከተለች ትገፋለች። ዘፋኝ አውጪ ሲኖር እንደሚቀበል ተቀባይ አስቢያት። አውጪው ዝም ካለ እሷም ዝም ትላለች። መስመሩ ሲጠፋ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ራሷን ትቆርጣለች። ይህ ብልሽት አይደለም። እንድትቆርጥ ሕግ ያስገድዳታል። አለዚያ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ሲይዘው ይነዝረዋል።

ስለዚህ ወንድምሽ «ከመብራት መጥፋት ትገላገላላችሁ» ያለው አልሆነም። ደሴ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ሆኖ መብራት ቢጠፋ፣ ያ ሶላር አንድ አምፖል አያበራልሽም። ሌሊት ለሱብሂማ ጭራሽ። እሱ ይህን ላያውቅ ይችላል፣ አልፈርድበትም። እሱ ዘንድ መብራት ስለማይሄድ አጋጥሞት አያውቅም።

ስለ ሕጉ ጠይቀሻል። የጀርመኑን ልንገርሽ፤ ከእሱ ብዙ ትምህርት ይገኛል። ጀርመኖች ይህን ነገር «የበረንዳ ኃይል ማመንጫ» ይሉታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ ደንቡን አቀለሉት። ኢንቨርተሯ ወደ ቤት የምትገፋው ከ800 ዋት እንዳይበልጥ፣ የፓኔሎቹ አቅም ተደምሮ ከ2,000 ዋት እንዳያልፍ ተወሰነ። በፊት ለመስመሩ ባለቤት ድርጅትም ማሳወቅ ነበረባቸው። አሁን አገር አቀፍ መዝገብ ላይ በኢንተርኔት መመዝገብ ይበቃል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ አከራይ ተከራዩን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክል ሕግ ወጣ። በ2025 አጋማሽ የተመዘገቡት ከ1 ሚሊዮን አለፉ። አሜሪካ ውስጥም ዩታ የምትባለው ግዛት በ2025 እስከ 1,200 ዋት ድረስ ፈቅዳለች።

ልብ በዪ፤ ማንም ዝም ብሎ «ሰካ» አላለም። የዋት ገደብ አበጁለት፣ መዝገብ አበጁለት፣ የኢንቨርተሩን ደረጃ ወሰኑ። መጠኑ ትንሽ መሆኑም ይጠቅማል። ይህን ትንሽ ላብራራው፤ የእኛን ቤቶች በቀጥታ ይነካልና።

ብሬከር፣ ጭነት ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋው ማብሪያ፣ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ለምሳሌ የሶኬቶችሽ ብሬከር 16 አምፔር ነው እንበል። ምጣድሽ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፣ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። በዚያው መስመር ካውያ ብትጨምሪ ብሬከሩ ይወርዳል። መውረዱ ደግ ነው፤ ገመዱ ከመቃጠል ዳነ ማለት ነው። አሁን በዚያው መስመር ላይ ሶላር ሰክተሻል እንበል። 800 ዋት ማለት 3.6 አምፔር ነው። ይህ ኃይል የሚገባው ከብሬከሩ በታች በኩል ነው። ብሬከሩ አያየውም። እሱ «16 ነው፣ ደህና ነው» ሲል ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ እስከ 19.6 አምፔር ሊሸከም ይችላል። ጀርመን ውስጥ የቤት ሽቦው በአብዛኛው ይህችን ያህል ይችላታል።

የእኛ ቤት ሽቦስ? በደሴም በኮምቦልቻም ብዙ ቤት ከፍቼ አይቻለሁ። በእጅ ተጠማዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ አለ። ፊውዙ ተቃጥሎ በቦታው የመዳብ ክር የታሰረበት አለ። ኧርዝ የሚባል፣ የፈሰሰ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ ጭራሽ የሌለው ቤት ሞልቷል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ 3.6 አምፔር መጨመር የጀርመኑን ዓይነት ነገር አይደለም። ስፒናው ልክ ስለገባ ብቻ አገሩ አንድ አይሆንም።

ደግሞ የፀሐዩ ነገር አለ። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፍራንክፈርት በሰሜን 50 ዲግሪ ላይ ናት። በክረምታቸው ቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ 16 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትነሳው። ስለዚህ በረንዳ ብረት ላይ ቀጥ ብሎ የተሰቀለ ፓኔል ፊት ለፊት ያገኛታል። ደሴ ያለችው በ11 ዲግሪ ላይ ነው። እዚህ ፀሐይ አናት ላይ ነች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ደግሞ ቀትር ላይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰቀለ ፓኔል በሰኔ ቀትር ፀሐይዋን ከጀርባው ነው የሚያገኛት። በታኅሣሥ እንኳ ግማሽ ያህሏን ቢይዝ ነው። የእኛ ፓኔል መተኛት አለበት። ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ማለት ይበቃዋል። ያቺ ዘንበል ማለት ዝናቡ አቧራውን ይዞ እንዲወርድም ትረዳለች።

ቮልቴጅም አለ። የጀርመኗ ኢንቨርተር ቮልቴጁ ከ184 በታች ከወረደ ራሷን ታጠፋለች። ከተመለሰ በኋላም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። እኛ ዘንድ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት አምፖሉ ምን ያህል እንደሚደበዝዝ አንቺው ታውቂዋለሽ። ስታቢላይዘር የሌለው ፍሪጅ ያለው ሰው በሰፈራችን ጥቂት ነው። ኢንቨርተሯ ስትጠፋ ስትመጣ ትውላለች።

እና ቆጣሪው። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ይህ ጉዳይ ኪስሽን ይነካል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ፣ ልጆቹም እንደዚሁ። ቤት ውስጥ የሚሠራው ፍሪጁና ምናልባት የእናትሽ ሬዲዮ ነው። ሶላሩ 800 ዋት ሲገፋ ቤቱ 100 ዋት እንኳ አይፈልግም። የተረፈው በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙ የኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ኃይሉ የሚሄድበትን አቅጣጫ አይለዩም። የወጣውን እንደገባ አድርገው ይቆጥሩታል። ሰፈሩን በነፃ እያበራሽ ከካርድሽ ይቆረጣል። ሌሎቹ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄድ ኃይል ሲያዩ «ተነክቻለሁ» ብለው ይቆርጣሉ። ያኔ ለማስከፈት ወረፋው ያንቺ ነው፤ ማስረዳቱም ያንቺ ነው።

ወደ አገራችን ሕግ ልምጣ። የኢነርጂ ሥራ የሚተዳደረው በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 እና እሱን ተከትለው በወጡት ሕጎች ነው። ተቆጣጣሪው ድሮ የኢነርጂ ባለሥልጣን ነበር፤ አሁን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው የሚጠይቀውም እሱ ነው። ቤትሽ ደጃፍ ድረስ የሚመጣው መስመርና ቆጣሪው ደግሞ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እጅ ናቸው። እኛ አሁንም መብራት ኃይል የምንለው ማለት ነው። ከመስመሩ ኃይል ለመውሰድ ውል ተዋውለሻል። ወደ መስመሩ ኃይል ለመላክ ግን አልተዋዋልሽም። ስለዚህ ከመስመሩ ጋር የሚገናኝ ማንኛውም አመንጪ፣ ሶላርም ሆነ ጄኔሬተር፣ በአገልግሎቱ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ነው መሰካት ያለበት። «መስኮቱ ጋ የነበረው ልጅ ችግር የለውም አለኝ» ፈቃድ አይደለም። ማኅተም ያለው ወረቀት ነው ፈቃድ።

ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘ፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪ፣ ከባትሪው ወደ አምፖል የሚሄድ ሶላር ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ በገጠር ወሎ የኖረ ነው። ከደላንታ እስከ ራያ ቆቦ ስንቱ ቤት ቆርቆሮው ላይ ፓኔል አለ። ማንንም አይነካም፣ ማንም አይነካውም። አንቺን የምመራሽ ወደዚህ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ያን ገመድ ልጨርሰው።

በኤሌክትሪሺያኑ አልተቆጣሁም ብልሽ ውሸት ነው። ሁለት ስፒና ያለው ገመድ ምን ያደርጋል? አንዱ ጫፍ ኢንቨርተሩ ላይ ተሰክቷል። ሌላው ጫፍ በእጅሽ ነው። በእጅሽ ያሉት ሁለት የብረት እግሮች 220 ቮልት አላቸው። ልጅሽ ከግድግዳው ነቅላ ብታነሳው አለቀ። የወንድምሽ ኢንቨርተር ሲነቀል ወዲያው ራሷን ስለምትቆርጥ እግሮቹ ባዶ ይሆናሉ። የባትሪ ኢንቨርተር ግን የመስመሩን መኖር አይጠብቅም። ብቻውን ይሠራል፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ስለዚህ አይቆርጥም።

ይህ የቤትሽ አደጋ ነው። የጎረቤትሽም አለ። ሶኬቱ ላይ የገባው ኃይል በብሬከሩ በኩል ወደ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው ወደ ምሰሶው ይወጣል። ትራንስፎርመር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ከላይ 15,000 ቮልት ተቀብሎ 380 እና 220 ያወርዳል። ከታች 220 ቢሰጡት ግን ወደ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያወጣል። ሠራተኛው የጠፋ መስመር ነው ብሎ የሚይዘው ያን ነው።

«ትንሽ ኢንቨርተር የሰፈሩን ጭነት ሊሸከም አይችልም፣ ወዲያው ይጠፋል» ይሉሻል። አንዳንዴ እውነት ነው። ገመዱ የተበጠሰው ከቤትሽ ደጃፍ ላይ ከሆነስ? ሠራተኛው የሰፈሩን ፊውዝ አውርዶ የአንቺን ሕንፃ ብቻ እየጠገነ ከሆነስ? ያኔ የሚሸከመው ሰፈር የለም። ኢንቨርተሩ ደልቶት ይሠራል፣ ሽቦውም በሕይወት አለ።

አንድ ጊዜ ከወልድያ ወጣ ብሎ የሆነውን ልንገርሽ። ክረምት ነበር። ሌሊት ነፋስ ምሰሶ ጥሎ ነበር። ጠዋት የመስመር ሠራተኞች ሊያነሡ መጡ፤ እኔም በሌላ ሥራ እዚያው ነበርኩ። አንዱ ወጣት መሰላል ላይ ወጣ። መስመሩ ከዋናው ተቆርጧል፣ ሁሉም ያውቃል። ልጁ ግን ጠንቃቃ ነበር። እጁን ከመስደዱ በፊት መፈተሻውን አስጠጋ። ጮኸ። ደግሞ አስጠጋ። ጮኸ። ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ቤት ለቤት ስንፈልግ አንድ ሱቅ ውስጥ ትንሽ ጄኔሬተር እየሠራ ነበር። ባለ ሁለት ስፒና ገመድ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም። «ዋናውን ማጥፋቱን ረሳሁት» አለ። በቃ፣ አንድ መርሳት ነው። ልጁ ባይፈትሽ ኖሮ ዛሬ ይህን የምነግርሽ በሌላ ድምፅ ነበር።

አሁንም አልጨረስኩም። ኢንቨርተሩ ተሰክቶ እያለ መብራት ድንገት ቢመጣስ? የኢንቨርተሩና የመስመሩ ድግግሞሽ እኩል አይመታም፣ አይገጣጠሙም። መስመሩ ጉልበተኛ ነው። ኢንቨርተሩ ይፈነዳል፣ ጢስ ይወጣል፣ ከባትሪው ጋር እሳት ሊነሳ ይችላል። ያጠራቀምሽው ገንዘብ በአንድ ሰከንድ ይሄዳል።

እሺ፣ ወደ መላው።

በመጀመሪያ የምትፈልጊውን እንቁጠር። ባለ 9 ዋት አምስት አምፖል ለአምስት ሰዓት ብታበሪ 225 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት 240 ይወስዳል። አራት ስልክ ወደ 60። ዋይፋይ ለአሥር ሰዓት 100። ሲደመር 625 ዋት-ሰዓት። ይህ ጥሩ ኑሮ ነው፤ መብራት ሄዶ ጎረቤት ሳያውቅብሽ የምታመሺበት ማለት ነው። ምጣድ፣ ካውያ፣ ውኃ ማሞቂያ፣ ምድጃ በዚህ ውስጥ የሉም። አይገቡም። እንጀራ አንድ ጊዜ ተጋግሮ እስኪያልቅ የሚሄደው ጉልበት ለአምፖልሽ ስንት ማታ ይበቃል። ፍሪጁንም ለጊዜው ተዪው። ሲነሳ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ትንሽ ኢንቨርተርን ያንቀዋል።

ፓኔሉን በክረምት ሒሳብ እንውሰደው፣ በበጋ ሒሳብ ከሆነ ሐምሌ ላይ ያሳፍርሻል። ደሴ በክረምት ጭጋጓን ታውቂያለሽ፤ የጦሳ ተራራ ከነጭራሹ የማይታይበት ቀን አለ። በቀን አራት ሙሉ የፀሐይ ሰዓት፣ ማለትም ፀሐይ በሙሉ ጉልበቷ ለአራት ሰዓት የወጣች ያህል፣ እንያዝ። ከሙቀት፣ ከአቧራና ከገመድ የሚባክነውን ቀንሰን 70 ከመቶውን እንውሰድ። ባለ 250 ዋት ፓኔል 700 ዋት-ሰዓት ይሰጥሻል። ለ625ቱ ይበቃል። በጥርና በየካቲት ደግሞ ይተርፍሻል።

ባትሪው ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ። ከሁሉ ቶሎ የሚሞተው እሱ ነውና። ሊቲየም ፎስፌት የሚባለው ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከዚያ 1,000 ያህሉን ብትጠቀሚ አይጎዳም። አንድ ሙሉ ማታና ከፊል ማግስት ማለት ነው። የመኪና ዓይነቱ ሊድ አሲድ ሲገዙት ይረክሳል። ነገር ግን ከግማሽ በታች ካወረድሽው ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ያው 100 አምፔር-ሰዓት 600 ብቻ ነው የሚሰጥሽ። በተጨማሪ ቻርጅ ሲደረግ ጋዝ ያወጣል። መኝታ ቤት አይቀመጥም። የመኪና ባትሪውን ራሱንማ ለዚህ አትግዢ፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ለማብራት አይደለም።

በፓኔሉና በባትሪው መሀል የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር ቻርጅ ኮንትሮለር ይገባል። 250 ዋት በ12.8 ሲካፈል 20 አምፔር ገደማ ስለሚመጣ ባለ 30 አምፔር ግዢ። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ ፊውዝ ይግባ። ይህ ፊውዝ ርካሽ ነው፤ ባትሪው እሳት እንዳይሆን የሚጠብቀው ግን እሱ ነው። ገጣሚው «አያስፈልግም» ካለሽ ሌላ ገጣሚ ፈልጊ። ከጣሪያ ወደ ቤት 10 ሜትር ያህል ከሆነ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይሁን፤ በቀጭን ገመድ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 500 ዋት ፒዩር ሳይን፣ ማለትም እንደ ቤት መብራት ንጹሕ ሞገድ የሚያወጣ፣ ኢንቨርተር ለቴሌቪዥኑና ለዋይፋዩ ይበቃል። አምፖሎቹን በ12 ቮልት ዲሲ ብታደርጊያቸው ደግሞ ኢንቨርተሩ ጠፍቶም ይበራሉ። የእናትሽን አምፖል በተለይ እንዲህ አድርጊ። ከመኝታዋ እስከ ውዱእ ማድረጊያው ድረስ ሁለት ባለ 3 ዋት የዲሲ አምፖል በቂ ነው። ማጥፊያው አልጋዋ አጠገብ ይሁን።

ይህ ሁሉ የራሱ ገመድ፣ የራሱ ሶኬት ይኑረው። የቤቱን ሽቦ አይንካ። ሶኬቶቹን ሌላ ቀለም ብታደርጊያቸው ልጆቹም አይሳሳቱም። «አይ፣ የቤቱን አምፖሎች ራሳቸውን ነው ማብራት የምፈልገው» ካልሽ መንገዱ ቼንጅ ኦቨር ነው። ወይ መስመሩን ወይ ኢንቨርተሩን የሚያገናኝ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማገናኘት በተፈጥሮው የማይችል ማብሪያ ነው። ፌዙንም ኒውትራሉንም፣ ማለትም ሁለቱንም ሽቦ፣ አብሮ የሚቀይር ይሁን። የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይግጠመው፤ ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። «ዋናውን አጥፍተሽ ሰኪው» የሚለው ምክር ግን የባለሱቁ ምክር ነው። ሰው ይረሳል። ቼንጅ ኦቨር አይረሳም።

ጣሪያው ያንቺ ብቻ አይደለም። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ጣሪያው የጋራ ነው። ስለዚህ ለነዋሪዎች ማኅበሩ በጽሑፍ ጠይቂ። የት እንደሚቀመጥ፣ ገመዱ በየት እንደሚወርድ፣ ቆርቆሮው ቢያፈስ ማን እንደሚጠግን ይጻፍ። ጎረቤት በኋላ ከሚያኮርፍ አሁን ቡና አፍልቶ መነጋገር ይሻላል። በረካው ሳይደርስ ትስማማላችሁ። ማኅበሩ እምቢ ካለ በረንዳው ይቀራል። ያኔ ቀጥ አድርገሽ አትስቀዪው። እንደ ጥላ ወደ ውጭ ተዘርግቶ በብረት ይታሰር። ትልልቆቹ ፓኔሎች 20 ኪሎ ገደማ ናቸው፤ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወድቅ አስቢው። ሽቦ ወይም ገመድ ማሰሪያ አይሆንም። ብሎን ያለው ብረት ነው የሚያዝ።

በረዶ ያስፈራሽ ይሆናል። ደሴ በረዶዋ ኃይለኛ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ፓኔል 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የበረዶ ኳስ ተተኩሶበት ነው የሚያልፈው። የሚሰበሩት ብዙ ጊዜ ስም የሌላቸው ናቸው። ፀሐይ ካለ ፓኔሉ ራሱ እንደማይጠፋም እወቂ። ገጣሚው ማገናኛዎቹን ከመንካቱ በፊት በጨርቅ ይሸፍነው። እየሠራ ያለ ዲሲ ማገናኛ ሲነቀል እሳት ይዘረጋል። ስታጥቢው በማለዳ፣ መስተዋቱ ሳይሞቅ፣ በንጹሕ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ እጠቢው።

ስለ ገንዘቡ ግልጽ ልሁን። ይህ የመብራት ሒሳብሽን ለመቀነስ አይደለም። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ትልቁ ወጪሽ ምጣዱ ነው፤ ምጣዱን ደግሞ ይህ ሶላር አይነካውም። የምትገዢው ያልተቋረጠ ማታ ነው። አንዳንዱ ሰው «ግድቡ ተመርቋል፣ ምን ሶላር ያስፈልጋል» ይለኛል። ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ደስታችን ነው። ደሴ ላይ መብራት የሚያጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የግድብ ማነስ አይደለም። የወደቀ ምሰሶ፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር፣ ሽቦ የነካ ዛፍ ነው። ሰሜን ወሎ በጦርነቱ ለወራት በጨለማ የቆየው ኃይል አገሪቱ ላይ ጠፍቶ ሳይሆን መስመሩ ተበጥሶ ነው። በእነዚያ ወራት ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ የሆኑት ቆርቆሮ ላይ የነበሩት ትንንሽ ፓኔሎች ናቸው።

ለወንድምሽ እንዲህ በዪው። ኢንቨርተሯን አይላክ። ፓኔልም ከዚያ መላክ ለጭነቱ አይረባም፤ እዚህ ይገኛል። መላክ ከፈለገ ጥሩ የኤምፒፒቲ ቻርጅ ኮንትሮለር ይላክልሽ። ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ጥቅሙም ትልቅ ነው። እዚህ ገበያ ላይ ያለው ትልልቁ ፓኔል ቮልቴጁ ከባትሪው በጣም ከፍ ያለ ነው። ርካሹ ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር ያን ቮልቴጅ ወደ ባትሪው ጎትቶ ያወርደዋል፣ ልዩነቱ ይባክናል። ባለ 430 ዋት ፓኔል በፒደብሊውኤም ከ175 ዋት ብዙ አያልፍም። በኤምፒፒቲ አብዛኛው ይገባል። ትልቁን ፓኔል ከመረጥሽ ግን ባለ 40 አምፔር ይሁን፤ 430 በ12.8 ሲካፈል 33 ያህል ይመጣልና።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥሽ፤ መምህርት ነሽና አትቀየሚኝም። ለአንድ ሳምንት መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፊ። በዚያ ሰዓት ምን ለማብራት እንደፈለግሽም ጻፊ። ከዚያ ላኪልኝ፤ የባትሪውን መጠን አብረን እናስተካክላለን። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለእሷ ግን ሳምንቱን አትጠብቂ። የራሷ ትንሽ ፓኔል ያላት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የምትሞላ ፋኖስ ነገ ፒያሳ ወርደሽ ግዢላት።